አይኢፒ ላለው ልጅ ቻርተር ወይም ቫውቸር ከመምረጣችሁ በፊት

በየዓመቱ ጃንዋሪ ሲገባ ዋሽንግተን ዲሲ የምንኖር ሐበሻ ወላጆች ወሬያችን አንድ ይሆናል፤ የትምህርት ቤት ሎተሪ። የትኛው ቻርተር (በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ፣ ግን ራሱን ችሎ የሚተዳደር ትምህርት ቤት) ጥሩ ነው? የትኛውን አንደኛ ላድርግ? አይኢፒ፣ ማለትም የልዩ ድጋፍ ዕቅድ የተጻፈለት ልጅ የምታሳድጉ ግን ከዚያ በፊት የምትጠይቁት አለ። ይሄ ትምህርት ቤት ልጄን በእርግጥ ይፈልገዋል? ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው።

ልጄ ኦቲዝም አለበት። አፉን የፈታው ዘግይቶ ነው፤ አሁንም ሲጨንቀው ቃል ይጠፋበታል። ቻርተርም ተምሯል፣ የሰፈራችን ትምህርት ቤትም ተምሯል። እኔ ነርሲንግ ሆም የምሠራ እናት ነኝ እንጂ ጠበቃ አይደለሁም። ነገር ግን የሱን ወረቀት ሳገላብጥ፣ የሌሎች እናቶች ስብሰባ ላይም አብሬ ስገባ ቆይቻለሁ። የምነግራችሁ ከዚያ ያገኘሁትን ነው።

መጀመሪያ ገንዘቡን ተረዱ

የገበያው ሐሳብ ቀላል ነው። ገንዘቡ ልጁን ይከተላል። ወላጅ ይመርጣል። ትምህርት ቤቶች ተማሪ ለማግኘት ይፎካከራሉ፣ ያልተመረጠው ይዘጋል። ሚልዋኪ በ1990 ቫውቸር፣ ማለትም ለግል ትምህርት ቤት ክፍያ የሚሰጥ የመንግሥት ገንዘብ፣ ጀመረች። ሚኒሶታ በ1991 የመጀመሪያውን የቻርተር ሕግ አወጣች። ወደ ዲሲ ቻርተር የገባው ኮንግረስ በ1996 ባወጣው ሕግ ነው። ዛሬ ከከተማው የመንግሥት ተማሪዎች ግማሽ ያህሉ የሚማሩት ቻርተር ውስጥ ነው።

አሁን ራሳችሁን በትምህርት ቤቱ ቦታ አስቀምጡ። ለአንድ ልጅ መደበኛው በጀት ይመጣል። ልጁ አይኢፒ ካለው ዲሲ በሳምንት በሚያገኘው የልዩ ድጋፍ ሰዓት መጠን በአራት ደረጃ ተጨማሪ ትከፍላለች፦ እስከ 8 ሰዓት፣ ከ8 እስከ 16፣ ከ16 እስከ 24፣ ከ24 በላይ። ጥሩ ነው። ነገር ግን በአንድ ደረጃ ውስጥ ያሉ ሁለት ልጆች ወጪያቸው አንድ አይደለም። አንዱ በቡድን ይማራል። ሌላው ቀኑን ሙሉ አጠገቡ የሚቀመጥ ረዳት ይፈልጋል፣ በዚያ ላይ ስፒች (የንግግር) ቴራፒ፣ በዚያ ላይ ኦኪዩፔሽናል (የዕለት ተዕለት ክህሎት) ቴራፒ። ብዙ ትምህርት ቤቶችን የሚያስተዳድር ትልቅ ዲስትሪክት ይህን ወጪ በብዙ ሺህ ተማሪ ላይ ያካፍለዋል። አንድ ሕንፃ ያለው ቻርተር የሚያካፍለው በጥቂት መቶ ልጆች ላይ ነው። የፈተና ውጤቱ ደግሞ በየዓመቱ ይወጣል፤ ውጤቱ ከወረደ ፈቃዱ ራሱ ጥያቄ ውስጥ ይገባል። ርእሰ መምህሯ ደግ ሰው ልትሆን ትችላለች። አሠራሩ ግን ብዙ ድጋፍ የሚፈልገውን ልጅ ወደ መውጫው ይገፋዋል።

ይህ የኔ ጥርጣሬ ብቻ አይደለም። ጂኤኦ የሚባለው የኮንግረሱ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2012 ባወጣው ሪፖርት፣ በ2009-10 የትምህርት ዘመን በመደበኛ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከተማሪው 11 በመቶ ያህሉ አካል ጉዳት ያለበት ነበር። በቻርተሮች 8 በመቶ ያህል ነበር። ቆይተው ደግሞ ሁለት ተመራማሪዎች ወላጅ መስለው በ29 ስቴቶች ለሚገኙ ከ6,000 በላይ ትምህርት ቤቶች ኢሜይል ላኩ። ልጃቸው ከባድ ድጋፍ የሚጠይቅ አይኢፒ እንዳለው ሲጽፉ፣ ቻርተሮቹ መልስ የመስጠታቸው ዕድል በአካባቢያቸው ካሉት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ያነሰ ሆኖ ተገኘ። "አንቀበልም" ማለት አያስፈልግም፤ ዝም ማለት ይበቃል።

ነገሩ እስከ መጨረሻው ሲሄድ ምን እንደሚመስል ኒው ኦርሊንስ አሳይታለች። ከ2005ቱ የካትሪና አውሎ ነፋስ በኋላ የከተማዋ ትምህርት ቤቶች ወደ ቻርተር ዞሩ። የሰፈር ትምህርት ቤት የሚባል መጠጊያ ጠፋ። አካል ጉዳት ያለባቸው ልጆች ወላጆች ከአንዱ ወደ አንዱ ሲመላለሱ ቆይተው በ2010 በፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሱ። በ2015 ፍርድ ቤቱ ስምምነት አጸደቀ፣ ትምህርት ቤቶቹን የሚከታተል ገለልተኛ ተቆጣጣሪም ተመደበ። አስተውሉ፣ ከክሱ እስከ ስምምነቱ አምስት ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። በዚያ ጊዜ አንድ ልጅ ከአንደኛ ክፍል አምስተኛ ይደርሳል።

ሌላውን ጎን ብተወው ግን ልክ አይሆንም። በቦስተን ቻርተሮች ላይ የተሠራ ጥናት አለ። በሎተሪ የገቡ የልዩ ድጋፍ ተማሪዎች የበለጠ ከሌሎች ልጆች ጋር በአንድ ክፍል ተማሩ፣ የፈተና ውጤታቸውም ተሻሻለ። ስለዚህ "ቻርተር አትግቡ" አልልም። ስም አይታችሁ አትግቡ ነው የምለው።

ቻርተር እና ቫውቸር አንድ አይደሉም

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቻርተር የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። በ1975 የወጣውና ዛሬ አይዲያ የሚባለው የፌዴራል ሕግ እንደ ሰፈራችሁ ትምህርት ቤት ሁሉ ቻርተሩንም ያስገድደዋል። ለልጁ የሚመጥን ትምህርት በነፃ መስጠት አለበት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2017 የኮሎራዶ አንድ ኦቲዝም ያለበት ልጅ ጉዳይ ላይ በሙሉ ድምፅ ወስኗል፤ ለስሙ ያህል የሚሰጥ ድጋፍ አይበቃም፣ ዕቅዱ ልጁ ከሁኔታው ጋር የሚመጣጠን ለውጥ እንዲያሳይ ታስቦ መሠራት አለበት። የመኖሪያ ወረቀት የሌላችሁም አትስጉ። በ1982 የዚሁ ፍርድ ቤት ውሳኔ መሠረት የልጅ የመማር መብት በወላጅ ወረቀት አይወሰንም።

ቫውቸር ሌላ ነገር ነው። መንግሥት የግል ትምህርት ቤት ክፍያ ያግዛችኋል፤ በዲሲ በ2004 የተጀመረው ኦፖርቹኒቲ ስኮላርሺፕ እንደዚያ ነው። ከመካከላችን ብዙ ሰው ካቶሊክ ትምህርት ቤት ይወዳል። ሥነ ሥርዓት አለው፣ ዩኒፎርም አለው፣ እኛም ያደግንበት መንፈስ ይመስላል። ይገባኛል። ግን ልጃችሁን በራሳችሁ ምርጫ ወደ ግል ትምህርት ቤት ስትወስዱት አይኢፒው ግዴታ መሆኑ ይቀራል። ከከተማው ትንሽ አገልግሎት ሊደርሰው ይችላል፤ ግን "የልጄ መብት ነው" ብላችሁ የምትከራከሩበት አይደለም። ትምህርት ቤቱ በዓመቱ መካከል "አልቻልነውም" ካለ፣ በቃ። የሃይማኖት ትምህርት ቤት ከሆነ ደግሞ ኤዲኤ የሚባለው የ1990ው የአካል ጉዳተኞች ሕግም አይመለከተውም።

ይህን ግን ቀድሞ የሚነግራችሁ ላይኖር ይችላል። ጂኤኦ በ2017 ሲያጠና፣ ለአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ብቻ በተዘጋጁት የቫውቸር ፕሮግራሞች ካሉት ልጆች 83 በመቶው፣ ስለ መብቱ መቀየር ምንም በማይናገር ወይም የተሳሳተ ነገር በሚናገር ፕሮግራም ውስጥ ነበሩ። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ትምህርት ቤቱን በኢሜይል ይህን ጠይቁ፦ "ከልጄ አይኢፒ ውስጥ የትኛውን ትሰጣላችሁ? ማን ይሰጣል? በሳምንት ስንት ሰዓት?" መልሱ ካልመጣ፣ አለመምጣቱ ራሱ መልስ ነው። ሞክራችሁት ካልሆነም ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ስትመለሱ መብቱ አብሮ ይመለሳል።

ሎተሪው ከመዘጋቱ በፊት

ማይ ስኩል ዲሲ በሚባለው የከተማው የሎተሪ ማመልከቻ ላይ እስከ 12 ትምህርት ቤት መደርደር ይቻላል። ከኪንደርጋርተን ጀምሮ ግን የሰፈራችሁ ትምህርት ቤት ያለ ሎተሪ ይቀበላችኋል። ይህን ያዙ፤ ተስፋ ቆርጣችሁ የማይሆን ቦታ እንዳትገቡ ይረዳችኋል።

ስታመለክቱ ስለ ልጁ ጉዳት መናገር የለባችሁም። የፌዴራሉ የትምህርት ሚኒስቴር በ2016 መጨረሻ ባወጣው ማብራሪያ፣ ለተለየ ጉዳት ተብሎ ከተቋቋመ በስተቀር ቻርተር አመልካችን "ልጅህ አካል ጉዳት አለበት?" ብሎ ሊጠይቅ አይገባም። እናንተ ግን መጠየቅ ትችላላችሁ። የልጁን ስም ሳትጠሩ ስልክ ደውሉ፣ ከመዝጋቢዋ ጋር ሳይሆን የልዩ ድጋፍ ክፍሉን ከሚመራው ሰው ጋር ማውራት እፈልጋለሁ በሉ። ስንት የልዩ ድጋፍ መምህር አለ፣ አሁን ክፍት የሆነ የመምህር ቦታስ? የስፒች ቴራፒስቷ የትምህርት ቤቱ ሠራተኛ ናት ወይስ ከውጭ የምትመጣ? በየትኞቹ ቀናት? በሳምንት ከ24 ሰዓት በላይ ድጋፍ ያለው ልጅ አላችሁ?

ከሁሉም የምወደው ጥያቄ ግን ይሄ ነው፦ "ባለፈው ዓመት አንድ ልጅ እናንተ ጋ የሌለ ድጋፍ ሲያስፈልገው ምን አደረጋችሁ?" ጥሩ ትምህርት ቤት ታሪክ ይነግራችኋል። ረዳት ቀጠርን፣ ከውጭ ባለሙያ አመጣን፣ ይህን ያህል ጊዜ ወሰደብን ይላችኋል። ሌላው ግን "እኛ ጋ ሁሉም ልጅ ያድጋል" ይላል። እንዲህ ሲሏችሁ አመስግናችሁ ሌላ ጋ ደውሉ።

ከዚያ ሂዱና እዩ። ስለ አዳራሹ አትጨነቁ። ድጋፉ የሚሰጥበትን ቦታ አሳዩኝ በሉ። አንድ ቻርተር ስጎበኝ ያሳዩኝ የቴራፒ ክፍል የፎቶኮፒ ወረቀት ካርቶን እስከ ጣሪያ የተደረደረበት ጠባብ ክፍል ነበር። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ትናንሽ ወንበሮች፣ ጥግ ላይ ሥራ ሲጀምር የሚንጓጓ ማተሚያ። ልጄ እንዲህ ዓይነት ድምፅ ሲሰማ ጆሮውን ይዞ ጠረጴዛ ሥር ይገባል። ሌላኛው ትምህርት ቤት ሕንፃው ያረጀ ነው። ግን ኮሪደሩ ላይ የቀኑ ሥራ በሥዕል ተለጥፏል፣ በልጅ ቁመት ልክ። እኔ ቆሜ ሳለሁ አንድ ትንሽ ልጅ መጥቶ የንባብ ሥዕሉን ከቬልክሮው ላይ ነቅሎ ከታች ወዳለው ኪስ ከተተው። ረዳቷ አልነካችለትም፣ አላጣደፈችውም፣ አጠገቡ ሆና ጠበቀችው። የትኛውን አንደኛ እንዳደረግኩ ታውቃላችሁ።

ቁጥሩንም እዩ። የዲሲ የትምህርት ቤቶች ሪፖርት ካርድ በየትምህርት ቤቱ ስንት በመቶው ተማሪ አካል ጉዳት እንዳለበትና ስንቱ እንደታገደ ያወጣል። በዙሪያው ካሉት በጣም ያነሰ ከሆነ ለምን እንደሆነ ጠይቁ።

"እዚህ ያ አገልግሎት የለንም" ሲሏችሁ

ቦታ ወጣላችሁ እንበል። የአይኢፒውን ሙሉ ቅጂ በኢሜይል ላኩ፣ "ደርሶናል" የሚል መልስ ጠይቁ። ዲሲ ውስጥ እያንዳንዱ ቻርተር ራሱን የቻለ ዲስትሪክት ሆኖ ይቆጠራል። ስለዚህ ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሄዱ አዲሱ ትምህርት ቤት የራሱን አይኢፒ እስኪሠራ ድረስ የቀድሞውን የሚመስል ድጋፍ ከመጀመሪያው ቀን መስጠት አለበት።

እዚህ ላይ የሚመጡ ንግግሮች አሉ፣ ሁሉም በፈገግታ የሚባሉ። "ለሱ የሚሻለው ሌላ ትምህርት ቤት ይመስለናል።" "እኛ ጋ ሞዴላችን እንዲህ አይደለም።" "24 ሰዓት ወደ 10 ብናወርደው አብሮ መማር ይችላል።" ሕጉ ግን ይሄ ነው፦ አገልግሎቱ የሚወሰነው ልጁ በሚያስፈልገው ልክ ነው። ትምህርት ቤቱ ያለው ሰው ማነሱ የሰዓት መቀነሻ ምክንያት አይሆንም።

አትከራከሩ። እንዲህ በሉ፦ "እሺ፣ ይህን ውሳኔ ከነምክንያቱ በጽሑፍ ስጡኝ።" ትምህርት ቤቱ ድጋፍ ሊቀይር ወይም የጠየቃችሁትን ሊከለክል ሲል ምክንያቱንና ያየውን ማስረጃ ጽፎ የመስጠት ግዴታ አለበት። ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚለወጠው እዚህ ላይ ነው፤ በአፍ የተባለ ሁሉ በወረቀት አይጻፍም። ማታ ቤት ስትገቡም አጭር ኢሜይል ላኩ፦ ዛሬ ቀኑ ይህ ነው፣ እንዲህ አላችሁኝ፣ የተሳሳትኩት ካለ አርሙኝ። በአማርኛም ቢሆን ጻፉ። ዋናው ቀኑ መኖሩ ነው።

"መጥታችሁ ውሰዱት" የሚለው ስልክ

ይህን ለየብቻው የማወራው ጎልቶ ስለማይታይ ነው። ልጄ ቻርተር ሳለ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ገደማ ስልኬ ይጮህ ነበር። "ዛሬ ከበደው፣ መጥተሽ ብትወስጂው?" ድምፁ ለስላሳ ነው። ፈረቃዬን ለጓደኛዬ ለምኜ እሄዳለሁ። እሱ ጃኬቱን ለብሶ፣ ቦርሳውን አንግቶ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። መዝገቡ ላይ እገዳ የሚል የለም። ለትምህርት ቤቱ ቁጥሩ ንጹሕ ነው፤ ልጄ ግን ሒሳብ ሳይማር ወሩ አለፈ። እናት ሥራዋን ልታጣ ስትደርስ ራሷ ልጁን ታስወጣዋለች። ብዙ ልጆች ከቻርተር የሚወጡት እንዲህ ነው፤ ማንም ሳያባርራቸው።

የሚደረገው ይህ ነው። አንድ ደብተር ያዙ። ቀን፣ ሰዓት፣ የደወለው ሰው፣ የተነገራችሁ ምክንያት፣ ልጁ የቀረበት ትምህርት። ሲደውሉ በትሕትና ጠይቁ፦ "ይህ እገዳ ነው? ከሆነ በጽሑፍ ላኩልኝ። ካልሆነ ልጄ ክፍሉ ውስጥ ይቆይ፤ ምን ድጋፍ እያደረጋችሁለት ነው?" እንዲህ ማለት ስጀምር ስልኩ እየቀነሰ ሄደ።

ከኋላችሁ ሕግ አለ። ልጁ ባሳየው ባሕርይ ምክንያት ከ10 የትምህርት ቀን በላይ ከትምህርት ከተለየ፣ ትምህርት ቤቱ በ10 የትምህርት ቀን ውስጥ ስብሰባ ጠርቶ ባሕርዩ ከጉዳቱ ጋር መያያዙን መመርመር አለበት። የፌዴራሉ የትምህርት ሚኒስቴርም በጁላይ 2022 ባወጣው ማብራሪያ እንዲህ ዓይነቱ በስልክ የሚደረግ ማስወጣት ከቀኖቹ ሊቆጠር እንደሚችል ተናግሯል። ደብተራችሁ የሚጠቅመው ያኔ ነው።

ስለ ፊርማ፣ ስለ አስተርጓሚ፣ ስለ "ሰው ምን ይላል"

ስብሰባ ላይ አስተርጓሚ ማቅረብ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው፣ በነፃ። ትልቋ ልጃችሁ እንግሊዝኛ ጎበዝ ብትሆንም እሷን አታስቀምጡ። ስለ ወንድሟ ከባድ ነገር ሲባል አለስልሳ ትነግራችኋለች። ማንኛዋም እህት እንዲሁ ታደርጋለች። በዲሲ ሕግ ስብሰባው ላይ የሚታዩ ሪፖርቶች ቢያንስ ከ5 የሥራ ቀን በፊት ሊደርሷችሁ ይገባል። ካልደረሳችሁ ስብሰባው ይተላለፍልኝ በሉ። ወረቀቱንም እዚያው አትፈርሙ። "ቤት ወስጄ አነባለሁ" ማለት ነውር አይደለም።

ከመካከላችን ግን ምርመራውን ራሱ የምንፈራ አለን። "ልጄ ላይ ስም ይለጥፉበታል፣ ሰው ምን ይላል" እንላለን። ፍርሃቱን አውቀዋለሁ፤ ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር ቶሎ ቶሎ የወጣሁባቸው እሑዶች ነበሩ። ግን በዚህ ገበያ ውስጥ የምርመራ ወረቀት የሌለው ልጅ "የማይታዘዝ" ይባላል። ለማይታዘዝ ልጅ ቅጣት ይጠብቀዋል። ወረቀት ላለው ልጅ ግን ድጋፍ መስጠት ግዴታቸው ነው። የምርመራ ጥያቄውን በጽሑፍ አቅርቡ፣ ፈቃድ ከፈረማችሁ በኋላ ዲሲ 60 ቀን ትሰጣቸዋለች። በውጤቱ ካልተስማማችሁ በትምህርት ቤቱ ወጪ በሌላ ገለልተኛ ባለሙያ እንዲታይ መጠየቅ ይቻላል።

አልሆን ሲል

መጀመሪያ አድቮኬትስ ፎር ጀስቲስ ኤንድ ኤጁኬሽን ጋ ደውሉ። በዲሲ ወላጆችን በነፃ ለማገዝ በፌዴራል መንግሥት የተመደበ ማዕከል ነው። ሜሪላንድ ያላችሁ ፓረንትስ ፕሌስ ኦፍ ሜሪላንድ አለ፣ ቨርጂኒያ ደግሞ ፒያትክ (PEATC)። ያለ ጠበቃም ኦሲ ለሚባለው የከተማው የትምህርት መሥሪያ ቤት አቤቱታ መጻፍ ትችላላችሁ። ነገሩ ከተፈጸመ በአንድ ዓመት ውስጥ መሆን አለበት፣ መልሱም በ60 ቀን ይወጣል።

ልጁን ለማስወጣት ከወሰናችሁ የሰፈራችሁ ትምህርት ቤት ከዓመቱ በየትኛውም ቀን ይቀበለዋል። አንዳንዴ ደግሞ እናንተ ሳትወስኑ ይሆናል፤ በኦገስት 2024 ኢግል አካዳሚ የሚባለው የዲሲ ቻርተር ትምህርት ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት ተዘግቷል። ስለዚህ የአይኢፒው፣ የምርመራውና የእድገት ሪፖርቱ ቅጂ ሁልጊዜ እናንተ ጋ ይሁን፤ የተዘጋ ትምህርት ቤት ስልክ አያነሳም። ማስወጫ ቅጹን ከመፈረማችሁ በፊት አዲሱ ትምህርት ቤት ድጋፉ የሚጀምርበትን ቀን በጽሑፍ ይንገራችሁ። ቅጹ ላይ ምክንያት የሚል ቦታ ሲመጣም "የወላጅ ምርጫ" የሚለው ላይ ምልክት አድርጋችሁ አትለፉት። "ሌላ" የሚለውን ምረጡና የሆነውን በራሳችሁ ቃል ጻፉበት፣ ፎቶ አንሱት፣ ከዚያ ስጧቸው።